ከጃፓን መኪና አስመጥቶ እንግሊዝ አገር ታርጋ ማውጣት፣ መንጃ ፈቃዱንም ጎን ለጎን

ከጃፓን ያስመጣኋትን ቶዮታ አልፋርድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያየ ሁሉ ይጠይቀኛል። «ስንት ፈጀችብህ? ታርጋውን እንዴት አወጣህ?» አንዳንዱ ደግሞ ለንደን ከገባ ዘጠኝ ወር አልፎታል፣ የአገር ቤት መንጃ ፈቃዱን ኪሱ ይዞ ይነዳል፣ ከጃፓን መኪና ለማዘዝም ቆርጧል። መንጃ ፈቃዱ እዚህ እስከ መቼ እንደሚያስነዳው ስጠይቀው ግን «ገና አሳድሼው ነው እኮ የመጣሁት» ይለኛል። በዚህ ምክንያት የተቀጣ፣ መኪናውም የተወሰደበት ወገን አውቃለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ ልጻፈው።

ሁለት ቀነ ገደብ አለባችሁ። የመኪናው 14 ቀን ነው፣ ብሪታኒያ ከገባበት ቀን ጀምሮ። የእናንተ ደግሞ 12 ወር ነው፣ እዚህ አገር ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን ጀምሮ። ሁለተኛው መኪና ስለ መግዛት ሳታስቡም እየቆጠረ ነው። ለዚህ ነው ሰው ስለ መኪና ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ ከመንጃ ፈቃዱ የምጀምረው።

የምጽፈው ስለ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ ነው። ሰሜን አየርላንድ የራሱ መሥሪያ ቤትና የራሱ አሠራር አለው።

የአገር ቤት መንጃ ፈቃድ እስከ መቼ?

የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ አይቀየርም። ኤምባሲ ሄዶ ማስተርጎም፣ ማኅተም ማስመታት፣ ዓለም አቀፍ ፈቃድ ማውጣት ይህን አይለውጠውም። ጊዜው እስካላለፈ ድረስ ግን 12 ወር ሙሉ ያስነዳችኋል። ቆጠራው የሚጀምረው መኪና ከያዛችሁበት ቀን ሳይሆን ኑሯችሁን እዚህ ካደረጋችሁበት ቀን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስድስት ወር አውቶቡስ ተሳፍራችሁ ከቆያችሁ በኋላ መኪና ብትገዙ የቀራችሁ ስድስት ወር ብቻ ነው።

12 ወሩ ካለፈ በኋላ መንዳት ያለ ፈቃድ መንዳት ነው። እስከ 1,000 ፓውንድ ቅጣትና ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ ከ3 እስከ 6 የቅጣት ነጥብ ያመጣል። ከዚያ የሚብሰው ኢንሹራንሱ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው የያዘው ኢንሹራንስ አደጋ ሲመጣ የማይቆምለት ሊሆን ይችላል፣ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ደግሞ ብቻውን 300 ፓውንድና 6 ነጥብ ነው፣ ፖሊስም መኪናውን እዚያው መንገድ ላይ ሊወስደው ይችላል።

መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ በእኛ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ካለ አስቀድማችሁ ተመልከቱት። እዚህ ያለ ሰው የእኛን ዓመት ሲያይ ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈ ይመስለዋል። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ጽፋችሁ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር መኪናው ውስጥ አስቀምጡ፣ ለኢንሹራንስ ስታመለክቱም የፈረንጁን ቀን አስገቡ።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትመጡ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መንጃ ፈቃድ ከሚቀየሩት ውስጥ ነው። ፈተናውን እዚያው ተፈትናችሁ ያገኛችሁት ከሆነ፣ ነዋሪ ከሆናችሁ በ5 ዓመት ውስጥ ያለ ፈተና ትቀይሩታላችሁ። የሳዑዲ፣ የኩዌትና የኳታር ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጀርመን ወይም ስዊድን ተፈትናችሁ ያወጣችሁ ደግሞ እድለኞች ናችሁ፣ የአውሮፓ ኅብረቱ ፈቃድ ራሱ ያስነዳችኋል፣ መቀየርም ይቻላል።

ሌሎቻችን ከዜሮ እንጀምራለን። ይህ ሲባል ሰው ቅር ይለዋል፣ ይገባኛል፤ እኔም አዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመት ነድቼ ነው የመጣሁት። ግን እልህ ውስጥ ገብቶ ወራት ከማባከን በመጣችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማመልከት ይሻላል።

ፕሮቪዥናል፣ ቲዎሪ፣ መንገድ

ፕሮቪዥናል የሚባለውን የተማሪ ፈቃድ የመንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ ሥራ ከሚሠራው መሥሪያ ቤት፣ ከዲቪኤልኤ፣ ታወጣላችሁ። በኢንተርኔት 34 ፓውንድ፣ በፖስታ 43 ፓውንድ ነው። ብሪታኒያ ውስጥ ቢያንስ 185 ቀን ለመኖር ፈቃድ ሊኖራችሁ ይገባል። ፕሮቪዥናሉን ማውጣት የ12 ወር መብታችሁን አይነካውም፤ 12 ወሩ እስኪያልቅ በኢትዮጵያው ብቻችሁን ትነዳላችሁ። ካለቀ በኋላ ግን ተማሪ ናችሁ ማለት ነው። ከፊትና ከኋላ ቀይ «ኤል» ትለጥፋላችሁ፣ ጎናችሁ ዕድሜው ከ21 በላይ የሆነና ሙሉ ፈቃድ ከያዘ 3 ዓመት የሞላው ሰው ይቀመጣል። ሞተርዌይ መግባት የምትችሉት ደግሞ ፈቃድ ካለው አስተማሪ ጋር፣ ሁለት ፍሬን ባለው መኪና ብቻ ነው።

ቲዎሪው 23 ፓውንድ ነው። መጀመሪያ 50 የምርጫ ጥያቄ ይመጣል፣ 43ቱን መመለስ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ሃዛርድ ፐርሴፕሽን የሚሉት ክፍል አለ፣ 14 አጫጭር ቪዲዮ። የምታልፉት ሁለቱንም በአንድ ቀን ካለፋችሁ ነው። በአማርኛ የለም። ድሮ በሌላ ቋንቋ የድምፅ ትርጉም ነበር፣ በ2014 ቀርቷል፤ አሁን እንግሊዝኛና ዌልሽ ብቻ ነው።

ቪዲዮው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጥያቄውን ያለፈ የእኛ ሰው እዚህ ሲወድቅ ስላየሁ። ስክሪኑ ላይ መንገድ ይታያል፣ እናንተ እንደ ሹፌር ናችሁ። ከቆመ መኪና ኋላ ልጅ ኳስ ተከትሎ ሊወጣ ነው እንበል። ሊሆን መሆኑን እንዳያችሁ ማውሱን ትጫናላችሁ። ቶሎ ካያችሁት 5 ነጥብ፣ እየዘገያችሁ ስትሄዱ 4፣ 3፣ 2፣ 1፣ ከዚያ ዜሮ። ከ14ቱ ቪዲዮ አንዱ ውስጥ ሁለት አደጋ አለ፣ ስለዚህ ጠቅላላው ከ75 ነው፣ ማለፊያው 44። ችግሩ አዲስ አበባ የነዳ ሰው ሁሉንም ነገር አደጋ አድርጎ ያያል። ሰው ከመንገዱ ዳር ቆሟል፣ ጠቅ። ታክሲ ቆሟል፣ ጠቅ። ብስክሌት መጣ፣ ጠቅ ጠቅ። ኮምፒውተሩ ደግሞ በብዛት የሚጫነውን ሰው ይጠረጥረዋል፣ የዚያን ቪዲዮ ነጥብ ዜሮ ያደርገዋል። የሚፈልገው ፍጥነት የሚያስቀንስ ወይም አቅጣጫ የሚያስቀይር ነገር መሆን ሲጀምር ነው። ሲጀምር አንዴ፣ ማደጉ ሲታይ አንዴ ደግሞ ተጫኑ፣ ይበቃል። ሁለት ሳምንት በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ብትለማመዱ እጃችሁ ይገራል።

የቲዎሪው ውጤት ለ2 ዓመት ያገለግላል። የመንገዱ ፈተና በሥራ ቀን 62 ፓውንድ፣ በማታና በቅዳሜ እሑድ 75 ፓውንድ ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ቲዎሪውን እንዳለፋችሁ በዚያው ቀን ቀጠሮ ያዙ። ቀጠሮ የሚይዘው የመንግሥቱ ድረ ገጽ ብቻ ነው። «ቶሎ እናስገባሃለን» ብሎ በስልክ መልእክት እጥፍ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ፈተናው ወደ 40 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ በ20 ሜትር ርቀት የቆመ መኪና ታርጋ ያስነብቧችኋል፣ ማንበብ ካልቻላችሁ ፈተናው እዚያው ያልቃል። ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ፈታኙ መንገዱን ሳይነግራችሁ በጂፒኤስ ወይም በመንገድ ምልክት እየተመራችሁ ትነዳላችሁ። እስከ 15 ትንንሽ ስህተት ይፈቀዳል፣ አንድ ከባድ ስህተት ግን ይጥላል።

እኔ መጀመሪያ የወደቅሁት በአንድ ከባድ ስህተት ነው። አደባባይ ስገባ ዓይኔ ወደ ግራ ሄደ። አገር ቤት በቀኝ ስለምንነዳ አደባባይ ውስጥ ያለው መኪና የሚመጣብን ከግራ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንገቴ የለመደው ወደዚያ መዞር ነበር። እዚህ የሚመጣው ከቀኝ ነው፣ ቅድሚያ የምትሰጡትም ለቀኝ ነው። ነጭ ቫን ከቀኝ መጣ፣ ፈታኟ ፍሬን ያዘች። ቀሪውን ሃያ ደቂቃ ጥሩ ነድቼ ተመለስኩ፣ ግን አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ አስተማሪዬ ያስለመደኝ ነገር ቀላል ነው፤ አደባባይ ሊደርስ ሲል ጮክ ብሎ «ቀኝ» ማለት። ሦስት ሳምንት በየአደባባዩ «ቀኝ» እያልኩ ነዳሁ።

ሌላው የእኛ ሰው የሚወድቅበት ስፖኪዮ ነው። ታያላችሁ፣ ግን በዓይናችሁ ብቻ ነው የምታዩት። ፈታኙ ማየታችሁን ማየት አለበት። ፍሬቻ ከማብራታችሁ በፊት፣ ፍጥነት ከመቀነሳችሁ በፊት፣ ተነስታችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ራሳችሁን ትንሽ አዙሩ፣ ትከሻችሁንም አልፋችሁ ተመልከቱ። ዜብራ ላይ ደግሞ እግሩን ያስቀመጠ ሰው ካለ ትቆማላችሁ። ክላክስ አድርጎ ማለፍ የለም።

ከወደቃችሁ ድጋሚ ለመፈተን ቢያንስ 10 የሥራ ቀን መቆየት ግድ ነው። በአውቶማቲክ ከተፈተናችሁ ፈቃዱ አውቶማቲክ ብቻ ያስነዳል። ከጃፓን የሚመጣው መኪና አብዛኛው አውቶማቲክ ስለሆነ ለብዙ ሰው ይህ ችግር አይደለም፣ የሥራ ቫን ለመንዳት ያሰበ ግን ፍሪሲዮን ባለው ቢፈተን ይሻለዋል። ካለፋችሁ በኋላም 2 ዓመት ተጠንቀቁ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 6 ነጥብ ከሰበሰባችሁ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ እንደገና ከፕሮቪዥናል ትጀምራላችሁ። ስልክ ይዞ መንዳት ብቻውን 6 ነጥብ ነው።

አሁን ወደ መኪናው

መጀመሪያ ዕድሜውን ምረጡ። ከተሠራ 10 ዓመት ያልሞላው መኪና ከጃፓን ሲመጣ አይቪኤ የሚባል የብቃት ምርመራ ማለፍ አለበት። ከ10 ዓመት በላይ የሆነው ከዚህ ነጻ ነው። እኔ የ2012 አልፋርድ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ስምንት ሰው ትይዛለች፣ መሪዋ እንደ እዚህ አገር በቀኝ ነው፣ አይቪኤም አልነካትም። ከዱባይ ግራ መሪ መኪና ሊያመጡ የሚያስቡ ወዳጆች ይህን ሳያሰሉ ነው የሚነሱት።

የጃፓን ጨረታ ላይ እያንዳንዱ መኪና የምርመራ ወረቀት አለው። ደረጃው በቁጥር ይጻፋል፣ 4 እና 4.5 ጥሩ ነው። «አር» የሚል ፊደል ካያችሁ ተጋጭቶ የተጠገነ ነው ማለት ነው። ወረቀቱን ራሱን አስልኩ፣ ሻጩ የተረጎመላችሁን ብቻ አትመኑ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ቀረጥ ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ነው፣ የሚሰላውም በመኪናው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመርከብና የኢንሹራንስ ወጪ ተጨምሮበት ነው። ከዚያ በድምሩ ላይ 20 በመቶ ቫት ይመጣል። መኪናው እስከ ወደቡ 4,000 ፓውንድ ከሆነ ቀረጡ 400፣ ቫቱ ደግሞ የ4,400 ሃያ በመቶ 880፣ ጠቅላላ 1,280 ፓውንድ ነው። ይህ ገንዘብ መርከቡ ሳይደርስ እጃችሁ ላይ ይሁን፤ ካልተከፈለ መኪናው ወደብ ላይ ይቆማል፣ ማቆሚያውም በቀን ይቆጠራል።

ቀረጡና ቫቱ ሙሉ በሙሉ የሚቀርበት አንድ መንገድ አለ። ኑሯችሁን ጠቅልላችሁ ወደዚህ የምትዛወሩ ከሆነ፣ ከብሪታኒያ ውጭ ቢያንስ 12 ተከታታይ ወር ከኖራችሁ፣ መኪናውን ደግሞ ቢያንስ 6 ወር የራሳችሁ አድርጋችሁ ከተጠቀማችሁበት፣ «የመኖሪያ ዝውውር» በሚለው ማመልከት ትችላላችሁ። ከተፈቀደላችሁ መኪናውን 12 ወር ሳይሞላ መሸጥም ማከራየትም ማዋስም አይቻልም። ከመምጣታችሁ በፊት አመልክቱ።

መኪናው ሲገባ በ14 ቀን ውስጥ ለገቢዎች መሥሪያ ቤቱ፣ ለኤችኤምአርሲ፣ ኖቫ በሚባለው የኢንተርኔት አሠራር ታሳውቃላችሁ። ብትዘገዩ በቀን እስከ 5 ፓውንድ ቅጣት አለው። ኖቫ ካልተዘጋ ዲቪኤልኤ ታርጋ አይሰጥም። የጉምሩኩን ወረቀት ወኪል ይጨርስላችኋል፣ ኖቫውንም ያስገባው እንደሆነ ግን በግልጽ ጠይቁት። «አዎ» ካለ ማረጋገጫውን በኢሜይል ይላክላችሁ።

የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ አንብቡ

እኔ የተጎዳሁት እዚህ ነው፣ ስለዚህ በዝርዝር እናገራለሁ። አውሮፓ የሚሸጥ መኪና የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና ቁጥር ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ግን አጭር ነው፤ ጥቂት ፊደልና ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ሌላ ቁጥር። የኢንሹራንስ ቅጾች ብዙዎቹ 17 ይጠይቃሉ፣ አጭሩን ስታስገቡ «ስህተት ነው» ይላሉ። በኢንተርኔቱ አትታገሉ። ከውጭ የገባ መኪና የሚያውቅ ኢንሹራንስ ፈልጋችሁ ደውሉ፣ ታርጋ እስኪወጣ በሻንሲ ቁጥሩ ይሸፍኑላችኋል። ታርጋው ሲወጣ ደውላችሁ ታስቀይራላችሁ። ሙሉ የብሪታኒያ መንጃ ፈቃድ የማግኘት ጥቅሙ የሚታየውም እዚህ ነው፤ እኔ በኢትዮጵያው ፈቃድ የተጠየቅሁትን ዋጋና ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ የከፈልኩትን ሳነጻጽር ከግማሽ በታች ወርዶልኛል።

ወኪሉ ቅጽ ሲሞላ ከቁጥሬ መሀል አንዱን 8 «3» አድርጎ ጻፈው። እኔም ከእሱ ወረቀት ቀድቼ የምዝገባ ቅጹን ሞላሁ። የጃፓኑ ማስወጫ ሰርተፍኬት ላይ 8፣ የኔ ቅጽ ላይ 3። ለዲቪኤልኤ የላክሁት ፖስታ ከሳምንታት በኋላ ከነሙሉ ወረቀቱ ተመለሰልኝ። መኪናዋ ያን ሁሉ ጊዜ መካኒክ ግቢ ውስጥ ቆመች፣ መንገድ ላይ ማቆም አይቻልማ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ነው። የስልኬን መብራት አብርቼ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር በጨርቅ ጠርጌ ፎቶ አነሳሁ፣ ፎቶውን አጉልቼ አንድ በአንድ ከእያንዳንዱ ወረቀት ጋር አመሳከርኩ። ሰርተፍኬቱ፣ ትርጉሙ፣ የጉምሩክ ወረቀቱ፣ ኖቫው፣ ኢንሹራንሱ፣ ኤምኦቲ የሚባለው የዓመት ምርመራ ወረቀት። ሰረዙም ሳይቀር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አስር ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ኤምኦቲና የጭጋግ መብራቱ

ኤምኦቲ ማለት የእኛ የቦሎ ምርመራ ነው በሉት። ከ3 ዓመት በላይ የሆነ መኪና በየዓመቱ ያስፈልገዋል፣ ጋራዦች ሊያስከፍሉ የሚችሉት ከፍተኛው 54.85 ፓውንድ ነው። ታርጋ የሌለውን በሻንሲ ቁጥሩ ይመረምሩታል። መንገድ ላይ የምታወጡት አስቀድማችሁ ቀጠሮ ወደያዛችሁበት ምርመራ ለመሄድ ብቻ ነው፣ ያም ኢንሹራንስ ካለው። ከወደብ እስከ ሰፈራችሁ ግን አስጭናችሁ አምጡት፣ የምትከፍሉት ገንዘብ ከምትገቡበት ጣጣ ያንሳል።

ከጃፓን የመጣ መኪና ኤምኦቲ የሚወድቅበት የታወቀ ነገር አንድ ቀይ መብራት ነው። እዚህ አገር ከኤፕሪል 1980 ወዲህ ሥራ የጀመረ መኪና ከኋላ ቀይ የጭጋግ መብራት ሊኖረው ግድ ነው፣ ቦታውም መሀል ወይም በሹፌሩ በኩል፣ ማለትም በቀኝ ነው። ጃፓን ይህን አያስገድድም፣ ስለዚህ ብዙዎቹ የላቸውም። የኔዋም አልነበራትም። መካኒኩ ከባምፐሩ ሥር በቀኝ በኩል ትንሽ ቀይ መብራት አሰረ፣ ገመዱን በኋላው ዕቃ መጫኛ ምንጣፍ ሥር አሳልፎ ዳሽቦርዱ ላይ ማብሪያና የጭጋግ መብራቱ ሲበራ የሚያሳይ ትንሽ ምልክት አደረገ። ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው። ከምርመራው በፊት አሠሩት እንጂ ከወደቃችሁ በኋላ አይሁን። የፍጥነት መለኪያው በኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ በማይል የሚያሳይም ያስፈልጋል፣ የምልክቶቹ ፍጥነት በማይል ስለሆነ።

ስዋንሲ ወዳለው ዲቪኤልኤ የሚላከው ፖስታ

ለአሮጌ መኪና የሚሞላው ቅጽ ቪ55/5 ይባላል። ከኢንተርኔት አይወርድም፣ ከዲቪኤልኤ ታዛላችሁ፣ በፖስታ ይመጣል። አብሮት ማብራሪያ አለ፣ ሳታነቡት አትሙሉ። ፖስታው ውስጥ የሚገባው የጃፓኑ ማስወጫ ሰርተፍኬት ዋናው ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ፣ የኤምኦቲ ማለፊያው፣ ማንነታችሁን የሚያሳይ ኮፒ፣ 55 ፓውንድ የምዝገባ ክፍያና የመንገድ ግብሩ ናቸው። ለማንነት የብሪታኒያ ፎቶ ያለበት መንጃ ፈቃድ ካላችሁ የሱ ኮፒ ሥራውን ያቀላል። ከሌለ ስምና አድራሻ የሚያሳዩ ሌሎች ማስረጃዎች ማሟላት አለባችሁ።

የመንገድ ግብሩ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከ2001 እስከ 2017 መጀመሪያ ድረስ የተመዘገቡ መኪኖች ግብራቸው በጭስ መጠን ነው። የጃፓን መኪና ግን የጭሱን ልክ የሚያሳይ ተቀባይነት ያለው ወረቀት ብዙ ጊዜ የለውም፣ ያኔ በሞተር መጠን ይሰላል፣ መለያው 1,549 ሲሲ ነው። አልፋርዷ 2,400 ስለሆነች ከላይኛው ነው የገባችው። ትልቅ ሞተር ላለው ይህ ከጭስ ስሌቱ ሊረክስ ይችላል።

ዋና ወረቀት ስለሆነ በክትትል ፖስታ ላኩት፣ ከመላካችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሱ። እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። የሚመጣላችሁ ቪ5ሲ የሚባል ወረቀት ነው። ሁላችንም ሊብሬ እንለዋለን፣ ግን ከሊብሬ ይለያል። እኛ አገር ሊብሬ የባለቤትነት ማረጋገጫ ነው። ይሄኛው የሚያሳየው መኪናውን የያዘውንና ኃላፊነት ያለበትን ሰው ነው፣ ባለቤትነቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ ከጃፓን የገዛችሁበትን ደረሰኝና የባንክ ዝውውሩን አትጣሉ፣ ስትሸጡም ሆነ ክርክር ሲመጣ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ታርጋውን መንግሥት አይሰጣችሁም፣ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚሰጠው። ቪ5ሲውንና መንጃ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ፈቃድ ያለው ታርጋ ሠሪ ጋ ትሄዳላችሁ፣ ቆማችሁ እያያችሁ ይሠራላችኋል። የፊቱ ነጭ፣ የኋላው ቢጫ። ቁጥሩ የመኪናውን ዕድሜ ያሳያል። ዕድሜውን የሚያስረዳ ወረቀት ካልተገኘ ግን በ«ኪው» ፊደል የሚጀምር ታርጋ ይሰጣል፣ ያ መኪናውን ለመሸጥም ለኢንሹራንስም ያከብደዋል። የማስወጫ ሰርተፍኬቱን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ የምለው ለዚህም ነው።

ለንደን ለምትኖሩ

ዩሌዝ የሚባለው የአየር ብክለት ክፍያ ከኦገስት 29 ቀን 2023 ጀምሮ ሁሉንም የለንደን ክፍለ ከተሞች ይሸፍናል። መስፈርቱን የማያሟላ መኪና በተነዳበት ቀን ሁሉ 12.50 ፓውንድ ይከፍላል። ቤንዚን መኪና ከ2005 ወዲህ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ያሟላል፣ የጃፓኑን ግን ሥርዓቱ አያውቀውም። ታርጋ ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ ስታስገቡ «አያሟላም» ሊላችሁ ይችላል። አትደንግጡ፣ ግን ዝም ብላችሁም አትንዱ። የመኪናው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ልቀት በኪሎ ሜትር ከ0.08 ግራም እንደማይበልጥ የሚያሳይ ማስረጃ ከቪ5ሲው ኮፒ ጋር ለከተማዋ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ትልካላችሁ፣ ያስተካክሉታል። ታርጋው በተሰቀለ ቀን፣ ከመንዳታችሁ በፊት ፈትሹት።

የቀረው ራዲዮው ነው። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 ይጀምራል፣ የእዚህ አገሩ ደግሞ ከ88 እስከ 108 ነው፣ ስለዚህ አብዛኛውን ጣቢያ አይዝም። ከአንቴናው ገመድ ጋር የምትያያዝ ትንሽ መቀየሪያ አለች፣ ርካሽ ናት፣ ወይም ራዲዮውን ከነስክሪኑ መቀየር ነው። እኛ እስካሁን አልቀየርነውም። ሞተሩ ሲነሳ በጃፓንኛ ሰላም የምትለዋን ሴትዮ ልጆቹ ስለወደዷት።